ብስክሌቴን ከእናቴ ደብቄ ለውድድር ተመዝግቤአለሁ

ጥያቄ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 31 ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ የምኖረው ቀበና ከእናቴ ጋር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በቆጠብኩት ገንዘብ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ገዛሁ። ብስክሌቱ ግን የቤታችንን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። አራት ኪሎ የልብስ ስፌት ሱቅ ባላት ጓደኛዬ ጓዳ፣ ከጣቃ ጨርቆቹ ጀርባ ተደግፎ ያድራል። እሁድ እናቴ ለቅዳሴ ስትወጣ እኔም «ስፖርት ልሥራ» ብዬ እወጣለሁ፤ እሷ ሳትመለስ ብስክሌቱን ቦታው አስቀምጬ ቤት እገባለሁ።

የምደብቃት ያለ ምክንያት አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሜ የቀበናን ቁልቁለት በብስክሌት ሲወርድ ሚኒባስ ገጨው። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ፊቱ ተላልጦ ነበር። እናቴ ደሙን በነጠላዋ እየጠረገች ነው ሆስፒታል ያደረሰችው። ወንድሜ ድኖ ዛሬ ሐዋሳ ትዳር ይዞ ይኖራል፤ ያ ነጠላ ግን ታጥቦና ታጥፎ እስከ አሁን ሣጥኗ ውስጥ አለ። የብስክሌት ነገር ሲነሳ ፊቷ ይለዋወጣል።

ዘንድሮ ክረምት መንገዱ ጎርፍና ጭቃ ስለነበር ብስክሌቱን ብዙም አልነካሁትም። ከሰኔ እስከ መስከረም በሳምንት ሦስት ማለዳ መስቀል አደባባይ እየሄድኩ ደረጃውን ሮጥኩ፣ ሁለት ቀን ክብደት አነሣሁ፣ ቅዳሜ ዋኘሁ። እንደ ዘንድሮ ጠንክሬ አላውቅም። በዚሁ ልበ ሙሉነት ኅዳር ውስጥ ለሚካሄድ የአማተሮች የብስክሌት ውድድር በሴቶች ምድብ ተመዘገብኩ። መንገዱ ከመስቀል አደባባይ በስታዲየም አድርጎ ለገሃር፣ ከዚያም በቸርችል ጎዳና እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ወጥቶ በመጣበት የሚመለስ ነው፤ አምስት ዙር፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። 24 ቀን ቀርቶታል።

ባለፈው እሁድ ከክረምቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ስወጣ ግን ዳገቱ ላይ ጥለውኝ ሄዱ። ወገቤና መዳፎቼ እስከ ማክሰኞ አመሙኝ። አንዱ «ደረጃ መሮጥ ብስክሌት አያስነዳም፤ ገና በመጀመሪያው ዙር ነው የምትቀሪው» አለኝ። መሥሪያ ቤትም ወሬው ደርሶ «እኛ የሯጮች አገር ነን፤ ብስክሌትን ምን አመጣው?» እያሉ ይስቃሉ፤ ሁለቱማ መጥተው ሊያዩኝ ዝተዋል። በዚያ ላይ በጠባብ ቁምጣ መሐል ከተማ መታየቱ ያሳቅቀኛል።

ስሜን ልሰርዝ? ወይስ ልወዳደርና ካለፈ በኋላ ለእናቴ ልንገራት? ብስክሌቱን ከጓዳ አውጥቼ መሪውን ስጨብጥ የሚሰማኝን ደስታ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም። በዚያችው ቅጽበት ግን እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አያለሁ።

ደብቄ የምነዳው፣ ከቀበና


መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የውድድር ጭንቀት ብቻ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ግን ከጣቃ ጨርቅ ጀርባ የቆመው ብስክሌትና ሣጥን ውስጥ የታጠፈው ነጠላ ከዓይኔ አልጠፋ አሉ። አንቺ ብስክሌቱን ሸሽገሻል፤ እናትሽም ያን ቀን በነጠላው ጠቅልላ ሸሽጋዋለች። ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ስትኖሩ ስለዚያ ቀን ተቀምጣችሁ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? ይህን ጥያቄ ያዥልኝ፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ እግሮችሽ እንነጋገር፤ እሱ ይቀላል።

እኔም በወጣትነቴ በመሥሪያ ቤቶች የስፖርት ውድድር ላይ ብስክሌት የነዳሁ ሴት ነኝ። ጓደኛሽ የነገረሽ ግማሽ እውነት አለው። ሩጫው፣ ዋናውና ክብደቱ ክረምቱን ሙሉ ልብሽንና ሳንባሽን ሲገነቡልሽ ከረሙ። ልብ ደም ሲረጭ ለሩጫ ነው ለፔዳል ነው ብሎ አይለይም፤ ያ ጉልበት የትም አልሄደም። የሚለየው ጡንቻው ነው። ደረጃ ስትወጪ እግርሽ ይገፋል፣ ያርፋል፤ ፔዳል ላይ ግን በደቂቃ ሰማንያ ዘጠና ጊዜ ሳያቋርጥ ይዞራል። ወገብሽ ጎንበስ ብሎ መቆየትን፣ መዳፍሽ የደረትሽን ክብደት መሸከምን፣ አንገትሽ ከጎንበስታ ቀና ብሎ ማየትን ለአራት ወር ያህል አልሠሩትም። እሁድ ያመመሽ እሱ ነው። ሁለት ዓመት የነዳ አካል ደግሞ የረሳውን ለማስታወስ ሁለት ዓመት አይፈጅበትም፤ ሦስት ሳምንት ብዙ ሥራ ይሠራል። እስከዚያው ኮርቻሽ ክረምቱን ተነቅንቆ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ እንደሆነ አሳዪ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትሽ በጥቂቱ ብቻ መታጠፍ አለበት። ጣቶችሽ የሚደነዝዙ ከሆነ፣ ወይም የወገብሽ ሕመም ከአሥር ቀን በኋላም ካልለቀቀሽ ሐኪም ይይሽ፤ ያን ጊዜ ውድድሩ ይቅር ብል አትቀየሚኝ።

ዳገቱ ላይ ጥለውሽ የሄዱበት ምክንያትም የእግርሽ ድክመት ብቻ አይመስለኝም። በደልዳላ መንገድ ከሌላ ሰው ኋላ ተጠግተሽ ስትነጂ ነፋሱን እሱ ይሰብርልሻል፤ ከልፋትሽ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀልልሻል። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ይህ ከለላ ይሳሳል፤ ሁሉም የራሱን ክብደት ራሱ ይሸከማል። ስለዚህ ከቸርችል ጎዳና ጋር አምስት ጊዜ ስትገናኚ አንድ ዘዴ ያዢ። ለገሃር የአንበሳው ሐውልት ጋ ስትደርሺ ከቡድኑ ፊት ካሉት መካከል ሁኚ። ማርሽሽን ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሪው፤ ፔዳሉን በሙሉ ኃይል እየገፋሽ ከቀየርሽው ካቴናው ሊወልቅ ይችላል። ከዚያ በራስሽ ልክ ውጪ። ትግላችን ሐውልት ጋ ስትደርሺ ሁለቱ ቢቀድሙሽ፣ ትንሽ ቆይቶም አራቱ ቢያልፉሽ አትደንግጪ። ከፊት የጀመረ ሰው እየተንሸራተተ ኋላ ቢቀር እንኳ ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርስ ገና ከቡድኑ ጋር ነው። ከኋላ የጀመረ ሰው ግን አንዴ ካመለጠው ቁልቁለቱን ለብቻው ነፋስ እየተጋፈጠ ይወርዳል።

በመጀመሪያው ዙር ደግሞ አትታለይ። ሰው እየጮኸ፣ ልብሽ እየዘለለ፣ እግርሽ አርፎ የሰነበተ ሆኖ ቸርችልን በሩጫ ልትወጪው ይቃጣሻል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ አገር ሰው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኖረንበታልና አይታወቀንም፤ አንዴ ከልክ በላይ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ ረጅም ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አጠገብሽ ካለችው ሴት ጋር አጭር ቃል ለመለዋወጥ በሚበቃ ትንፋሽ ብትነጂያቸው፣ በሦስተኛው ዙር ያለፉሽን አንዳንዶቹን መልሰሽ ታገኛቸዋለሽ።

ከጉልበቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ በቡድን መሐል መንዳት። በመጀመሪያው ውድድሬ ዓይኔን ከፊቴ ካለችው ሴት የኋላ ጎማ ላይ ተክዬ ቀረሁ። እሷ ትንሽ ስትቀዘቅዝ የእኔ የፊት ጎማ ጎኑን ነካው። የጎማ ከጎማ መፋተግ ድምፅ፣ አጭር፣ እንደ ጨርቅ መቀደድ ያለ ድምፅ፣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እሷ ምንም አልሆነችም፤ እኔ ክርኔንና ጉልበቴን ተገሽልጬ ተነሣሁ። ከኋላ የሚነካ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ጎማውን ሳይሆን የሴትየዋን ትከሻና ከእሷ ወዲያ ያለውን መንገድ ተመልከቺ። የፊት ጎማሽ ከማንም የኋላ ጎማ ጎን አይደረብ። ድንገት ፍሬን አትያዢ፤ መስመርሽን አትቀይሪ፤ ጣቶችሽ ግን ከፍሬኑ ላይ አይነሱ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር ስትወርጂ ፍጥነቱን የምትቀንሺው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ ከታጠፍሽ በኋላ ፍሬን ከያዝሽ ጎማው ይንሸራተታል። በመታጠፊያው በኩል ያለው ፔዳል ከላይ፣ የውጭው ከታች ይሁን፤ ዓይንሽም ልትደርሺበት ወዳሰብሽው ቦታ ይቅደም።

እንግዲህ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አያለሁ ያልሽው ነገር እዚህ ላይ ነው ያስጨነቀኝ። የሚያውቀኝ ሰው አየኝ ይሆን እያለ የእግረኛ መንገዱን የሚቃኝ ሰው ከፊቱ ያለውን ብስክሌት አያይም። ሐሳብሽ ቅዳሴው አልቆ ይሆን እያለ ቀበና ከዋለ፣ አካልሽ ብቻውን ቸርችል ጎዳና ላይ ነው።

ልምምዱም ቢሆን መደበቁን አይፈቅድልሽም። በሳምንት አንድ እሁድ ተሰርቆ የሚነዳ ብስክሌት ለዚህ ውድድር አያደርስሽም። በቀሩት ሳምንታት በሳምንት አራት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ ከሥራ በፊት ብትነጂ ይሻላል። ሁለቱ ቀን ቀስ ብሎ፣ በአዲሶቹ የብስክሌት መስመሮች ላይ ይሁን። አንዱ ቀን ለዳገት ይሁን፤ አንድን ዳገት አራት ወይም አምስት ጊዜ ወጥተሽ ውረጂው። እሁዱን ለቡድን ልምምድ ተዪው፤ ያን «ትቀሪያለሽ» ያለሽን ልጅ እሱኑ «እስቲ ከኋላህ ተጠግቼ መንዳት አስተምረኝ» በዪው። አንዳንድ ሰው ተግሣጹ ሻካራ ቢሆንም እጁ ቅን ነው። መስቀል አደባባይ ያለውን ደረጃ ደግሞ ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው ሙሉ በሙሉ አቁሚው፤ ደረጃ ሮጦ መውረድ ጭን ውስጥ የሚተወው ሕመም ብዙ ቀን ይቆያል። በመጨረሻው ሳምንት ልምምዱን በግማሽ ቀንሺ። «አልበቃኝም» የሚል ስሜት ይመጣብሻል፤ አትስሚው፤ በዚያ ሳምንት የሚጨመር ጉልበት የለም፣ የሚጨመረው ድካም ነው። ፍሬንሽንና ጎማሽን በዋዜማው ሳይሆን ሳምንት አስቀድመሽ አሳዪ። ጠዋት ከመነሻው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብለሽ የለመድሽውን ብዪ፤ በሶ ወይም ዳቦ በማር ይበቃል፤ ጾሙም ገብቶ ከሆነ አያስቸግርሽም።

መጨረሻ ስለመውጣት አልዋሽሽም፤ ይከብዳል። እኔ ከወደቅሁ በኋላ ተነሥቼ ነበር የጨረስኩት፤ ከኋላዬ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ከምንም በላይ ያስጨነቀኝ የመግቢያው መስመር ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለችው ባዶ መንገድ ነበረች፤ ከፊትም ከኋላም ሰው የሌለባት፣ የተመልካቹ ዓይን ሁሉ በእኔ ላይ ብቻ ያረፈባት። አንቺም የምትፈሪው እሷን ይመስለኛል። ስለዚህ አስቀድመሽ አንድ ነገር አጣሪ። በዙር ውድድር ላይ መሪዎቹ አንድ ዙር የደረቡባቸውን ተወዳዳሪዎች ዳኞች ብዙ ጊዜ ከመንገድ ያስወጧቸዋል። አዘጋጆቹን ጠይቂ፤ ሕጉ እንዲህ ከሆነ መውጣቱን እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ አሠራር ታውቂዋለሽ፤ ካልሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻው የመንዳት መብት እንዳለሽ ይዘሽ ትነሻለሽ። ላንቺ «ደህና ተወዳደርኩ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? ሦስት ዙር ከቡድኑ ጋር መቆየት? ሳይወድቁ መጨረስ? ዛሬ ማታ በወረቀት ጻፊውና በዚያ ቀን ራስሽን በሱ ብቻ ለኪ።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞችሽን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በሜልበርን በ1949 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ተወዳድረዋል። ወሩ ኅዳር ነበር፤ እንደ ያንቺው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ብስክሌት ለዚህች አገር እንግዳ አይደለም። ይህን ሻይ ስትጠጡ ንገሪያቸው፤ ግን ለክርክር አይሁን። እናያለን ያሉት ሁለቱም እንዲመጡ ጋብዣቸው፤ አንዱ ለገሃር፣ ሌላው ቴዎድሮስ አደባባይ ውኃ ይዞ ይቁምልሽ። ሥራ የተሰጠው ሰው ለመሳቅ ጊዜ አያገኝም። ቁምጣውን ካልወደድሽው ረጅም የብስክሌት ሱሪ አለ፤ የኅዳር ማለዳም ብርድ ነው። የሚያሳቅቅሽን ልብስ ለብሰሽ ነይ የሚል ሰው የለም።

አሁን ወደ እናትሽ።

ስትመዘገቢ የሞላሽውን ቅጽ አስታውሺ። እንዲህ ባሉ ቅጾች ላይ ብዙ ጊዜ «አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው» የሚል ቦታ አለ። የማንን ስም ጻፍሽ? የእናትሽን ከሆነ፣ ስለ ብስክሌቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው ከማታውቀው ሰው በስልክ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የጓደኛሽን ከሆነ ደግሞ እናትሽ ከመንደሩ ሁሉ በኋላ ትሰማለች። በዚያ ነጠላ የልጇን ደም ለጠረገች ሴት የትኛው ይገባታል? ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም። የደበቅሽው እሷን ከሥቃይ ለማዳን መሆኑ ገብቶኛል። ግን «ካለፈ በኋላ ልንገራት» የሚለው ምርጫ የሚሠራው ሁሉም ነገር ካማረ ብቻ ነው። ቢያምርም እንኳ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስጸልይልሽ የት እንዳለሽ አላውቅም ነበር» ማለቷ አይቀርም።

ስለዚህ ምክሬ ከውድድሩ በፊት፣ በዚህ ሳምንት ንገሪያት ነው። ሃያ አራት ቀን ያለሽ መሆኑ መልካም ነው፤ ለመቆጣትም፣ ለማልቀስም፣ ለመለዘብም ጊዜ ይሰጣታል። በመጀመሪያ ለወንድምሽ ደውዪ። የተጎዳው እሱ ነው፤ ስለዚያ ቀን ምን እንደሚሰማው ጠይቂው። ምናልባት ያ ቀን ከእሱ ይልቅ በእናታችሁ ላይ እንደከበደ ሊነግርሽ ይችላል፤ ምናልባትም ብስክሌት ይናፍቀዋል። ነገሩን በእሱ አፍ አስነግረሽ ግን አትገላገዪ። እሱ ኋላ ላይ ደውሎ ያጽናናት፤ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ፣ ጎረቤት ሳይጠራ፣ ከአቦሉ በኋላ ጀምሪ። ስለ ጤንነት ጥቅም፣ መንገዱ ስለመዘጋቱ፣ ስለ ብስክሌት ቆቡ አትጀምሪ። «እማዬ፣ ሁለት ዓመት የደበቅሁሽ ነገር አለ፤ የደበቅሁሽ ያንን ቀን ስለማስታውስ ነው» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ ዝም በዪ። ያንን ቀን እሷ ከቆመችበት ሆና ትንገርሽ፤ ስምንት ዓመት የያዘችውን ልትዘረግፈው ትችላለች፤ ልታቋርጫት አትቸኩዪ። ተራው ያንቺ ሲሆን ያለውን እንዳለ ንገሪያት። መንገዱ ለመኪና የተዘጋ ነው፤ ወንድምሽን የገጨው ዓይነት ሚኒባስ እዚያ የለም። መውደቅ ግን አለ፤ እኔም ወድቄአለሁ። «አልወድቅም» ብለሽ አትማዪላት። የሕክምና ሰው በቦታው እንደሚኖር ከአዘጋጆቹ አስቀድመሽ አረጋግጠሽ፣ ያረጋገጥሽውን ብቻ ንገሪያት።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ ያዢ። ዕድሜሽ 31 ነው፤ ከእናትሽ የምትጠይቂው ፈቃድ አይደለም፣ ምርቃት ነው። ፈቃድ ከጠየቅሽ «አይሆንም» የማለቱን ሸክም በእሷ ላይ ትጭኛለሽ፤ ሌሊቱን ሁሉ ስታገላብጠው ታድራለች። ምርቃት ከጠየቅሽ ግን ውሳኔው ያንቺ መሆኑን አውቃ፣ እናትነቷን ብቻ ትሰጥሻለች። የመጀመሪያ መልሷ ለቅሶ ወይም ዝምታ ቢሆን በዚያ ቀን መልስ አትስጪ፣ አትከራከሪ። ከሦስት አራት ቀን በኋላ፣ ልቧ ትንሽ ሲመለስ፣ አመሻሽ ላይ ለእግር ጉዞ ይዘሻት ውጪ። በኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው መንገድ ዳር የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ብስክሌቱን ከጓደኛሽ ሱቅ አውጪና ቆብሽን አጥልቀሽ፣ እሷ ባለችበት ቀስ ብለሽ ሃምሳ ሜትር ነድተሽ ተመለሺ። እስከ አሁን በሐሳቧ ያለው የወደቀ ልጅ ምስል ብቻ ነው፤ የሚነዳ ልጅ አላየችም።

ይህም ሆኖ «እኔ ዓይኔ እያየ አይሆንም» ብትልሽስ? እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን እወዳደር ነበር፤ ግን አልደብቅም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ነግሬያት፣ ስጨርስ ወዲያውኑ እደውልልሻለሁ ብዬ እወጣለሁ። ላንቺ ይህ ከከበደሽ፣ የእናትሽ ኅዘን ከፔዳሉ ደስታ በላይ ሆኖ ከታየሽ፣ ዘንድሮ ተመልካች ሆነሽ ለሚቀጥለው መመዝገብም ክብር አለው፤ ማንም ፈሪ አይልሽም። ያንቺን ልብ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስምሽን እንድትሰርዢ አጥብቄ የምመክርሽ በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው በቡድን መሐል መንዳት ገና የሚያስደነግጥሽ ከሆነ። ያኔ አደጋው ላንቺ ብቻ ሳይሆን አጠገብሽ ለሚነዱት እህቶችም ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አስታወስሁ። የመወዳደሪያ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ጀርባ ላይ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ ነው፤ ልብሱን ከለበስሽ በኋላ በራስ እጅ ለማስተካከል አይመችም። በአራት መርፌ ቁልፍ በአራቱም ማዕዘን ካልተያዘ ነፋስ እየገባበት ሲንቀጫቀጭ ያበሽቃል። በውድድሩ ዋዜማ ማታ ልብሱን ልበሺና ቁጥሩንና መርፌ ቁልፎቹን ይዘሽ እናትሽ ፊት ጀርባሽን ሰጥተሽ ቁጭ በዪ። ካልፈለገች ጠዋት የልብስ ሰፊዋ ጓደኛሽ ታደርግልሻለች። እሺ ካለች ግን ቀስ ብላ ታድርገው፤ አታጣድፊያት።